የሜይፌሩ ቤት እኩሌታ

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ መንገድ ላይ ብርድ ልብስ የሚነግድ ሰው ሁሉ ሀቢባን ያውቃታል። በአሮጌው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው እንዳለቀ በስተግራ፣ እስከ ኮርኒሱ በተደረደረ ብርድ ልብስና መጋረጃ መሃል ተደላድላ የምትቀመጠው እሷ ናት። ከሊምፖፖ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ለጅምላ የሚመጡት ሴቶች «ማማ ሀቢባ» ይሏታል። እሷም «ሳውቦና» ብላ በዙሉ ትጀምርና ዙሉው ሲያልቅባት የቀረውን በሳቅ ትሞላዋለች። ከእሷ ዘንድ ዕቃ የገዛ ሰው ወሬም ተመርቆለት ነው የሚሄደው።

ከአገር ቤት፣ ከዳሎቻ ስትመጣ ግን ሱቅም ወንበርም አልነበራትም። ባሏ ቀድሞ የመጣ ነው፤ እሷ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ተከትላው ገና ከተማውን ሳትለምድ መኪና ገጭቶ ገደለው። ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብስ በጀርባዋ አዝላ፣ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮቹ ሰፈሮች፣ ከክሊፕታውን እስከ ቴምቢሳ በር እያንኳኳች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ውሻ ነክሷታል፣ በረዶ ወርዶባታል፣ ያዘለችውን ተቀምታ ባዶ ጀርባዋን ተመልሳለች።

ከዚያ ሁሉ ድካም የተረፈው ሜይፌር የሚባለው ሰፈር ያለው ቤት ነው። ቀይ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረ በረንዳ፣ ከጓሮ ደግሞ የሚከራዩ ክፍሎች። ሀቢባ ስለዚህ ቤት ስታወራ ስለ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው። ጣሪያው ካፈሰሰ «ጉንፋን ይዞታል» ትላለች።

ቤቱ የተገዛው በትልቋ ልጇ በፊርዶስ ስም ነበር። ያኔ የሀቢባ ወረቀት በየስድስት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ የባንኩ ሰው በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠውና መለሰላት። ፊርዶስ ግን ቋሚ መታወቂያ አግኝታለች። እዚህ አገር ያለ የኛ ሰው እንዲህ ሲሆን የሚያደርገው ይታወቃል፤ ከቤተሰቡ መሃል ደህና ወረቀት ባለው ስም ያስመዘግባል። የማን ላብ እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ክርክር የለም።

ዘንድሮ ፊርዶስ ታጨች፤ ኒካ የሚታሰርበትም ቀን ተቆረጠ። የሚያገባት ካሚል የሚባል፣ ደርባን የመኪና ዕቃ የሚነግድ ጨዋ ልጅ ነው። ሀቢባ ተደሰተች፤ ደስታው ውስጥ ግን አንድ ስጋት ገባባት። ካሚል ዛሬ ጨዋ ነው፤ ነገስ? ወንድ ልጇ ሙሰብስ? ሙሰብ መኪና ማጠቢያ ከፈተ ተወው፣ ስልክ ጥገና ጀመረ ተወው፣ አሁን ደግሞ ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የኮምፒውተር ገንዘብ ይገዛል።

ይህንን ስጋቷን በአጥር ላይ ለጎረቤቷ ለአንቲ ሩኪያ ነገረቻት። አንቲ ሩኪያ ቅድመ አያቶቿ ከሕንድ የመጡ፣ እዚያው ሜይፌር ተወልዳ ያረጀች ሴት ናት።

«የኔ ቤት የኔ አይደለም እኮ» አለች አንቲ ሩኪያ፣ ቲማቲም እያጠበች። «የትረስት ነው። ልጄ የተፋታ ጊዜ ሚስቱ ይዛ የወጣችው ጫማዋን ብቻ ነው። ሱቁ ሲከስርበትም ቤቱን የነካ ሰው የለም።»

«እንደ ወቅፍ ማለት ነው?» አለች ሀቢባ። ለመስጊድ የተሰጠ ንብረት፣ የማይሸጥ የማይለወጥ፣ እሷ የምታውቀው እሱን ነው።

«እንደዚያ በይው፤ ይሄ ግን ለገዛ ልጆችሽ ነው።»

«የኔ ልጆች እኮ ትልልቅ ናቸው፣ ሩኪያ።»

«ትልቅ ስለሆኑማ ነው! ትንሽ ልጅ ቢበዛ ብርጭቆ ነው የሚሰብረው።»

ሀቢባ በዚያው ሳምንት ልጆቿን ይዛ ፎርድስበርግ፣ ጠበቃዋ ፀሎት ዘንድ ሄደች። ፀሎት የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ግን ጆሃንስበርግ ነው። አማርኛን የለመደችው እናቷ በስልክ ሲያወሩ እየሰማች ስለሆነ አንቱታ ያስቸግራታል፤ «እማማ» ትልሽና ወዲያው «አንቺ» ትልሻለች። ሀቢባ እንደዚህ ስትላት ደስ ይላታል። ልጅነቷን ይመልስላታል።

«እማማ፣ ትረስት ማለት እንዲህ ነው» አለች ፀሎት ለሁሉም ሩይቦስ ሻይ ቀድታ። «ቤቱ ከእጅሽ ይወጣል፤ ልጆችሽ እጅም አይገባም። መሃል ላይ ይቆማል። ባለአደራዎች ይጠብቁታል። ፊርዶስና ሙሰብ ይኖሩበታል፣ ኪራዩን ይጠቀማሉ፤ መሸጥ የለም፣ ማስያዝ የለም፣ ከባል ከሚስት ጋር መካፈል የለም።»

«ይሄ ሁሉ አጥር ለኔ ነው?» አለ ሙሰብ።

«ለማይታየው ገንዘብህ ነው» አለችው እህቱ።

«ከባለአደራዎቹ አንዱ የውጭ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው» ፀሎት ቀጠለች። «ከቤቱ ምንም የማይደርሰው። ለቤቱ የማይጓጓ ሰው።»

«እንዲህ ያለ ሰው ጆሃንስበርግ ውስጥ ካለ አሳዪኝ» አለች ሀቢባ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ፊርዶስ፣ ቤቱ ባንቺ ስም ስለሆነ ለትረስቱ የምታስተላልፊው አንቺ ነሽ። ባለትዳር ነሽ?» አለች ፀሎት።

«ኒካዋ ከረመዳን በኋላ ነው፣ ኢንሻአላህ» አለች ሀቢባ ቀድማ። «አንቺም ተጠርተሻል።»

«እሺ። ሆም አፌይርስ ሄዳችሁ በመንግሥት በኩል የፈረማችሁትስ ነገር የለም?»

«ኧረ የለም! እሱ የቀመር ወረቀት ካልሆነ» አለች ሀቢባ በእጇ ዝንብ እንደማባረር እያደረገች። «እሱ ደግሞ ድሮ ሞቷል።»

ፀሎት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቀመር ማነው? ባሏ ነበር? መቼ ሞተ?»

«አፉ በይ! ቀመርማ ዳቬይተን ሱቁን ከፍቶ ደህና አለ። ወረቀቱ ነው የሞተው። አላደስነውማ።»

ፊርዶስ ሻይዋን ትክ ብላ ታያለች። ፀሎት ከአንዷ ወደ አንዷ ተመለከተችና «ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ እማማ» አለች።

መጀመሪያው ዳሎቻ ነው። ፊርዶስ በተወለደች ሰሞን ሀቢባን የወሊድ ትኩሳት ጣላት፤ ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኗም ድምፅዋ እየጠፋ ሄደ። ጎረቤቷ ኤርጎጌ ያኔ ልጇን ቀመርን ታጠባለች። ማንም ሳይለምናት መጥታ ሕፃኗን አነሳች፤ ሀቢባ እስክትድን ድረስ ሁለቱን በሁለት ጡቷ አሳደገች። በሀቢባ ሃይማኖት ከአንድ ሴት ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው። ኒካ አይታሰርላቸውም፤ ዛሬም ነገም፣ በምንም መንገድ።

ቀመር ጎርምሶ፣ ስንት ድንበር በእግርና በጭነት መኪና አቋርጦ ጆሃንስበርግ ገባ። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆነበት። ሊያባርሩት ሆነ። ሀቢባ የኤርጎጌን ጡት አሰበች። መታወቂያ ካላት ልጅ ጋር ጋብቻ ከተፈራረመ ወረቀት እንደሚያገኝ ሰምታለች፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ልጁን ለባዕድ የሚያስፈርም ወላጅ ግን ይፈራል። ባዕዱ ነገ «ሚስቴ ናት» ቢልስ? ሀቢባ ያልፈራችው ስለዚህ ነው። ከዓለም ወንድ ሁሉ ፊርዶስን በፍጹም ሊያገባ የማይችለውን መረጠች። ሁለቱ አንድ ጠዋት መታወቂያና ጋብቻ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ ሆም አፌይርስ ገብተው ፈረሙ፤ ፊርዶስ በሥራ ልብሷ ነበረች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሩዝ የበላ የለም፤ እልል ያለ የለም። ሀቢባ ሁለቱንም በአላህ ስም አስማለቻቸው፤ ይህን ነገር ለማንም፣ ለማንም እንዳይናገሩ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። እሷ በዚህ አገር ስትኖር የያዘችው ወረቀት ሁሉ ዕድሜ ነበረው። ሰልፍ ተሰልፈሽ ካላሳደስሽው ይሞታል። ስለዚህ ያንን ወረቀት ማንም ማኅተም ስላልጨመረበት እንደ ሌሎቹ ሞቷል ብላ አመነች። ለፊርዶስም እንዲሁ ነገረቻት።

«እማማ» አለች ፀሎት ቀስ ብላ፣ «ጋብቻ አይታደስም። ካልተፋቱ ወይ አንዳቸው ካልሞቱ በቀር አለ። ፊርዶስ ዛሬም የቀመር ሚስት ናት።»

«የጡት ወንድሟ ነው እኮ!»

«የዚህ አገር ሕግ የጡት ዝምድና አያውቅም። ከመፈረማቸው በፊት ንብረታቸውን የሚለይ ውል አድርገው ነበር?»

«የምን ውል? የምን ንብረት?»

«እንግዲያውስ ያላቸው ሁሉ ተቀላቅሏል። ከጋብቻ በፊት የነበረውም በኋላ የመጣውም። የሜይፌሩ ቤት እኩሌታ የቀመር ነው። እሱ ሳይፈቅድ ትረስት ውስጥ የምናስገባው ቤት የለንም።»

ሀቢባ ጆሮዋ ጭው አለ። የፀሎት ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ አትሰማም። ባሏን መኪና እንደገጨው በነገሯት ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነችም፤ ያ ከውጭ የመጣ ነው። ይሄን በገዛ እጇ ነው ያደረገችው፤ አስባ፣ ተጠንቅቃ፣ ብልጥ ነኝ ብላ።

«ያ ረቢ» አለች።

«ጊዜው አልፏል ብለሽኝ ነበር!» ፊርዶስ ጮኸች። «እማ፣ አንቺ ነሽ አልፏል ያልሽኝ! ካሚልን ምን ልለው ነው? ባል አለኝ ልበለው?»

«ቆይ፣ ቀመር አማቻችን ነው ማለት ነው?» አለ ሙሰብ። መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ የእናቱን ፊት ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ፀሎት ውሃ አቀረበችላት። «መንገድ አለው፣ እማማ። በስምምነት ይፋታሉ፤ ቀመር ቤቱን እንደሚለቅ ይፈርማል። ከፈቀደ።»

«ካልፈቀደስ?»

«ካልፈቀደ ፍርድ ቤት ነው። ጋብቻው የይስሙላ ነበር ብላችሁ ትከራከሩ ይሆናል። ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹ማን አስፈረማቸው?› ነው።»

ሁሉም ሀቢባን አዩ።

እሑድ ጠዋት ሀቢባና ፊርዶስ ወደ ዳቬይተን በሚሄደው ታክሲ ተሳፈሩ። ሀቢባ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ታመነዥካለች። ቀመር በየዒዱ ሳይቀር ይመጣ የነበረ ልጅ ነው። ከካቻምና ጀምሮ ግን ቀርቷል። ‹ሱቅ ስለከፈተ ኮራ› ብላ ነበር። እናቱ ኤርጎጌም ስልክ አታነሳም፤ ‹ኔትዎርክ ነው› ብላ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር ሌላ መልክ ያዘባት። የቤቱን ነገር የሚያውቅ ይሆን? እያወቀ ዝም ብሎ ሠርጉን እየጠበቀ ይሆን?

የቀመር ስፓዛ፣ የሰፈር ትንሽ ሱቁ፣ ከፊት ለፊቱ ወፍራም የብረት ፍርግርግ አለው። ሕፃናትና እናቶች እጃቸውን በቀዳዳው እያስገቡ ይገዛሉ። «ማይ ፍሬንድ፣ የስልክ ካርድ!» «ማይ ፍሬንድ፣ ግማሽ ዳቦ!» ማንም ስሙን አይጠራም። ቀመር ረጅሙን ዳቦ አነሳና በቢላዋ መሃል ለመሃል፣ እኩል ለሁለት ከፈለው። ሀቢባ ቢላዋው ሲወርድ ዓይኗን ጨፈነች።

ሲያያቸው አልደነገጠም። የጎን በሩን ከፈተና የጁስ ሣጥን ገልብጦ «ይቀመጡ፣ እትዬ» አለ። ወደ ፊርዶስ ዞረ። «አወቃችሁት ማለት ነው።»

ሀቢባ ሣጥኑ ላይ ሳትደርስ ቆመች። «አንተ… ታውቃለህ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከአገር ላገባት ያሰብኳትን ልጅ ላስመጣ ሆም አፌይርስ ሄጄ፣ ሴትየዋ ኮምፒውተሯን አይታ ‹ሚስት አለህ› አለችኝ። የለኝም ስላት ሳቀችብኝ። ቆይቶም አንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው የቤቱን ነገር ነገረኝ።»

«ሁለት ዓመት! አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«እርስዎ አስምለውኛላ።»

«እኛን አይጨምርም!»

«‹ለማንም› ነው ያሉኝ፣ እትዬ። ማንም ማለት ማንም ነው።»

ፊርዶስ ትዕግሥቷ አለቀ። «ቤቱን ምን ልታደርገው አስበሃል? ቶሎ ንገረን።»

«ቤቱን?» ቀመር ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ላድርገው? ሜይፌር መኪና ማቆሚያ እንኳ የለም።»

«አትቀልድ!»

«እፈርማለሁ፣ እህቴ። ነገም ቢሆን እፈርማለሁ። አንድ ነገር ግን አለ።»

ይሄው መጣ፣ አለች ሀቢባ በሆዷ።

«እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም» አለ ቀመር። ድምፁ ሲለወጥ ተሰማው መሰለኝ፣ የዳቦውን ፍርፋሪ በመዳፉ ይጠርግ ጀመር። «ከዚህ የሄደ ሰው ነገራት። ‹ልጅሽ ፊርዶስን በመንግሥት አገባት፣ ወረቀቱ ላይ ስሟን በዓይኔ አየሁ› አላት። ደወለችልኝ። ‹እኔ ያጠባኋትን?› አለችኝ። እኔ መማሌን አሰብኩና ዝም አልኩ። ዝም ስል እውነት መሰላት። ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋለች።»

ሀቢባ አፏን በሻሿ ያዘች።

«አሁን እኔ ብነግራት አታምነኝም። እርስዎ ይንገሯት። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ወረቀት ያምጡ።»

ገንዘብ ቢጠይቃት ይቀላት ነበር። ጄፒ ላይ ከስንቱ ጋር ተከራክራ ዋጋ አስቀንሳለች፤ ይሄ ግን ከማን ጋር ይከራከሩታል? ልጇን ከሞት አፍ የመለሰችላትን ሴት፣ «ያንን ጡትሽን ይዤ ሆም አፌይርስ ሄድኩ» ብሎ መናገር ነው።

«ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ ብደውልላት…» አለች።

ፊርዶስ በራሷ ስልክ ደውላ፣ ድምፁን ከፍታ፣ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ጠራ። ቁጥሩን ስለማታውቀው ነው መሰለኝ፣ ኤርጎጌ አነሳችው።

«ማነው?»

«ኤርጎጌ፣ ሀቢባ ነኝ። አትዝጊው። ወላሂ፣ እስክጨርስ አትዝጊው።»

ከወዲያ አውራ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል። ኤርጎጌ አልዘጋችውም።

«ኒካ የለም» አለች ሀቢባ። «ኖሮም አያውቅም። ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፣ ያንቺን ጡት የጠቡ። መንግሥት ሊያባርረው ሲል ወረቀት ያገኝ ብዬ እኔ ነኝ ያስፈረምኳቸው። እምቢ እንዳይለኝ እናትህ ናት ያጠባችልኝ ብዬ ለመንኩት። ለማንም እንዳይናገር ያስማልኩትም እኔ ነኝ። መሐላውን ጠብቆ ነው ዝም ያለሽ። እሱ ምንም አላደረገም። ሥራው የኔ ነው።»

«ማይ ፍሬንድ!» አለች አንዲት ሴት ከፍርግርጉ ውጭ፤ የሰማት የለም።

«ሰው ሲጠይቀኝ ልጅ የለኝም ብያለሁ» አለች ኤርጎጌ በመጨረሻ። ድምፅዋ የደረቀ ነው። «በሕይወት እያለ ቀበርኩት። አንቺ በየዒዱ ስትደውዪ ደግሞ፣ ልጄን አበላሽታ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ናት እል ነበር። አንቺ ለካ የምትደውዪው ዒድ ሙባረክ ልትዪኝ ነው።»

«አላወቅኩም፣ ኤርጎጌ።»

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የምታደርጊውን የምታውቂው?»

ሀቢባ እንባዋ ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አፈናት። ይህ አነጋገር ዳሎቻ በአጥር ላይ ሲሰዳደቡ የነበረው የድሮው አነጋገር ነው።

«ያንቺን በኋላ እንነጋገራለን፤ አልጨረስኩሽም» አለች ኤርጎጌ። «አሁን ልጄን ስጪኝ።»

ቀመር ስልኩን ወሰደ። ከተደረደረው የበቆሎ ዱቄት ኋላ ገብቶ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው «አዎ፣ እማ… አዎ… እበላለሁ… አልከሳሁም» የሚለው ብቻ ነበር።

«ሃው!» አለች ውጭ ያለችው ሴት ዓይኗን በፍርግርጉ ቀዳዳ አስጠግታ። «ማይ ፍሬንድ ያለቅሳል። ሰው ሞተባችሁ?»

«አይ» አለች ፊርዶስ በእንግሊዝኛ። «ከእናቱ ጋር እያወራ ነው።» ቢላዋውን አንስታ የሴትየዋን ዳቦ ቆረጠችላት። አንዱ ወገን ተለቅ አለ፤ ሴትየዋ ትልቁን መረጠች።

ቀመር ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ስልኩን ለፊርዶስ መለሰላትና ለራሱ ለስላሳ ከፈተ። ሀቢባ ቀና ብላ አየችው። ሁለት ዓመት የቤቷን እኩሌታ በእጁ ይዞ፣ ዳቦ እየቆረጠ የተቀመጠ ልጅ። የፀሎት ቃል ድንገት ትዝ አላት።

«ቀመር» አለች። «ጠበቃዋ፣ ከቤቱ ምንም የማይደርሰው አንድ ባለአደራ ፈልጉ ብላናለች። እኔ ከሞትኩ በኋላ ቤቱን ለነዚህ የሚጠብቅ። ሙሰብ እሸጣለሁ ሲል እምቢ የሚል።»

ቀመር ለስላሳውን ከአፉ አወረደ። «እትዬ፣ ሌላ ወረቀት ሊያስፈርሙኝ ነው?»

«ይሄኛው ደህና ወረቀት ነው…»

«ይታደሳል ወይስ አይታደስም?»

ፊርዶስ ከዚያ ከፎርድስበርጉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሣጥኑ ላይ አስቀመጣት።

«መጀመሪያ የፍቺውን እንፈርም» አለ ቀመር። «ያኛውን ደግሞ ስጡኝና አነበዋለሁ። ከዚያ ለእናቴ በስልክ አነብላታለሁ፤ እሷ እሺ ካለች እፈርማለሁ።»

«እሺ፣ ልጄ። ግን ይሄን ነገር ለማንም…» አለች ሀቢባ።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። ሀቢባ አፏን ዘጋች።